የተረቱ መካከል ለሕፃኑ ይተውለት

በጅጋና በፍኖተ ሰላም ገጠር፥ ማታ በምድጃው ዙሪያ በቆሎ ሲፈለፈል፥ አያት «ተረት ተረት» ስትል ልጆቹ «የመሠረት» ብለው ይቀበሏታል፤ ሲፈጸምም «ተረቴን መልሱ» ትላለች። ሁለቱን ጫፎች ሕፃን ሁሉ ያውቃቸዋል። በትምህርት ቤት ሊማረው የሚገባው በሁለቱ መካከል ያለውን ነው።

ነገር ግን ሕፃኑ ተረት ጻፍ ሲባል፥ «አንድ ጅብ ነበረ፤ ራበው፤ ጦጣ አገኘ፤ ጦጣይቱም አመለጠች» ብሎ ያቆማል። አንዳንዱ መምህር ፊደሉ ስላልተሳሳተ ብቻ «ደኅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሌላውም ተረቱን በሙሉ በሰሌዳ ጽፎ «ገልብጡ» ይላል። የፊተኛው ልጁን ያለ መሪ ይተወዋል፤ የኋለኛው አፉን ይዘጋዋል።

ከዚህም በላይ፥ «ሕፃን ፊደል ይቍጠር፥ ዳዊት ይድገም፥ የአበውን ቃል ይያዝ፤ ከራሱ አመንጭቶ እንዲጽፍ ማድረግ ግን ሐሰትን ማለማመድ ነው» የሚሉ አሉ። የአበውን ቃል ማስያዝ የሚገባ ነው፤ ክርክሩ ግን አይጸናም። ኢዮአታም ለሴኬም ሰዎች ንጉሥ ስለ ፈለጉ ዛፎች ነገራቸው፤ ናታንም ለዳዊት የድኻውን አንዲት በግ መሰለለት። ሐሰተኞች ናችሁ ያላቸው የለም። ጌታችንም የጠፋውን ልጅ ምሳሌ አስተማረ። ከዚያ ምሳሌ መካከሉ ቢወጣ የሚቀረው «ሄደ፤ ተመለሰ» የሚለው ብቻ ነው። ረኀቡ፥ የእሪያ ጥበቃው፥ ወደ ልቡ መመለሱ፥ ይህ ሁሉ በመካከል ነው፤ ንስሐውም በዚያ ነው። የቅዱስ ያሬድ ታሪክም እንዲሁ ነው፤ ትሉ ወደ ዛፉ ሲወጣ ደጋግሞ መውደቁ ካልተነገረ፥ ያሬድ ስለ ምን ወደ ትምህርቱ እንደ ተመለሰ ማን ያስተውላል?

የጎጃም የቅኔ ቤትም ለዚህ ምስክር ነው። ደቀ መዝሙሩ የሌላውን ቅኔ ሲቀጽል ብቻ አይኖርም፤ ከ2 ቤት ጉባኤ ቃና ወደ 3 ቤት ዘአምላኪየ፥ እያለም እስከ 8 ቤት መወድስ ድረስ ራሱ ይቈጥራል፤ ለመምህሩም ይነግራል። መምህሩ መንገዱን ያሳየዋል፥ የጎበጠውን ያቀናለታል እንጂ አይቈጥርለትም። በዚሁ በጎጃም ቅኔ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን፥ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ፤ ቅኔና ተረት ጠላቶች አለመሆናቸው ከዚህ ይታወቃል። ለጐልማሳው ደቀ መዝሙር የተፈቀደው፥ በዐቅሙ ልክ ለሕፃኑ ስለ ምን ይከለከላል?

አሠራሩ ከባድ አይደለም። መምህሩ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ይስጥ፤ ከዚያም ይጠይቅ፦ ጅቡ ምን ፈለገ? ጦጣይቱ አስቀድማ በምን ልታመልጥ ሞከረች? ያ ስለ ምን አልሆነላትም? በኋላስ ምን ዘዴ አሰበች? ሕፃኑ አስቀድሞ በቃሉ ይናገር፤ ቀጥሎ 5 ወይም 6 መስመር ይጻፍ። ዘዴው ለመጨረሻው የማያደርስ ከሆነ፥ መምህሩ «እንዴት?» ብሎ ይመልሰው፤ መልሱን ግን አይንገረው።

ይህ የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም። መካከሉን መናገር ያልለመደ ልጅ አድጎ በዳኛ ፊት ሲቆም «ተበደልሁ» ይላል፤ ነገሩ ከምን ተነሥቶ በምን እንደ ደረሰ ግን ማስረዳት ያቅተዋል። በንስሐ አባቱ ፊትም «በደልሁ» ይላል፤ ወደ በደሉ ያደረሰውን መንገድ ግን አያውቀውም፤ ስለዚህም ነገ ያንኑ መንገድ ይሄድበታል።

እንግዲህ መምህራን ጠመኔውን ጥቂት ያሳርፉ፤ ካህናትም ተረትን ከንቱ ነገር ነው ብለው አይናቁ። መጀመሪያውንና መጨረሻውን አያት ሰጥታዋለች፤ መካከሉን ልጁ ይጻፈው።