ውጤት በተለቀቀ ማግስት ማን ይደውላል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበትን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ ሊንኩ ይወጣል፣ ገጹ ይጨናነቃል፣ «እኔ ጋ እምቢ አለ፣ አንተ ጋስ?» መባባል ይጀመራል። ከዚያ ቁጥሩ ብቅ ይላል። ልጁ ያን ቁጥር የሚያየው ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ስልኩን አቅፎ።

ታላላቆቻችን ውጤታቸውን ትምህርት ቤት ሄደው ነበር የሚያዩት። እርግጥ በሰው ፊት ማፈር ነበረበት። ግን አጠገብህ የሚያለቅስ ሌላ ልጅ አለ፣ «ና እስቲ» ብሎ ትከሻህን የሚይዝ መምህርም አይጠፋም ነበር። ስልኩ ሰልፉን ሲያስቀርልን ያንንም አብሮ አስቀረው።

ቁጥሩን እንየው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. ፈተና 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015ቱ ፈተና ከ1 ሺሕ 300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። ስለ ትምህርት ጥራትና ስለ ኩረጃ ብዙ ተጽፏል፣ ይጻፍም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ማግስቱ ነው። በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በአንድ ሌሊት «ወድቀሃል» ይባላሉ፤ ሲነጋ ማን ይደውልላቸዋል?

ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ልጅ ሲወድቅ በሩ ይዘጋል። የሚመጣ ካለም «ስንት አመጣ?» ሊል ነው፣ ቀጥሎ የእነ እገሌ ልጅ ውጤት ይነገራል። (የኬኩ ቪዲዮማ ቲክቶክ ላይ ቀድሞ ደርሷል።) ምግብ ያስጠላው፣ ሌሊቱን ሲያፈጥ የሚያድር ልጅ «አኩርፎ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጸበልና ጸሎት ያጽናናል፣ አልቃወምም። ግን እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ጤና ጣቢያም መሄድ ነው፣ ሁለቱ አይጣሉም። «ብሞት ይሻለኛል» ያለ ልጅ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተው በዚያው ቀን ይወሰዳል።

ትምህርት ቤቶቹስ? እኔ ባየኋቸው ውስጥ የምክር አገልግሎት የሚባለው ክፍል ካለ፣ ተማሪው የሚያውቀው ጥፋተኛ የሚጠራበትና «ወላጅ አምጣ» የሚባልበት ቦታ አድርጎ ነው። እዚያ ገብቶ «ከብዶኛል» የሚል ማን አለ?

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። ትምህርት ቤቱ ውጤት በወጣ ሳምንት በሩን ይክፈት። መምህራን የተፈታኞቹን ስም ተከፋፍለው በሁለት ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ይደውሉ። ሬሜዲያል ማን እንደሚገባ፣ በግል ድጋሚ መፈተን እንዴት እንደሆነ፣ ቴክኒክና ሙያ ምን እንደሚጠይቅ ከሚያውቁት ሰው አፍ ይስሙ፤ አሁን የሚሰሙት ከቴሌግራም ወሬ ነው።

ማኅበረሰቡም ባለሙያ እስኪበዛ መጠበቅ የለበትም። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የሰፈር አያቶችን አሠልጥነው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡ። ሥራቸው የተጨነቀውን ሰው ማዳመጥና ችግሩን አብሮ መፍታት ነበር። በ2016 የታተመው ጥናት የታካሚዎቹ ጭንቀትና ድባቴ በግልጽ መቀነሱን አሳይቷል። ማዳመጥ የሚችሉ እናቶች እኛ ሰፈር ጠፉ እንዴ? እድር አለን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፣ ሰንበት ትምህርት ቤትና መድረሳ አለን። የሚያሠለጥናቸውና ከጤና ጣቢያው ጋር የሚያገናኛቸው ነው ያጣነው።

እስከዚያው ስልኩ እናንተ እጅ ነው። በሚቀጥለው ውጤት ሊንኩን ግሩፕ ላይ ስትለቁ ማን ዝም እንዳለ እዩ። «ስንት?» ብላችሁ አትጻፉለት። «ቡና ልንጠጣ እየመጣሁ ነው» በሉት። ካልመለሰ ደውሉ፣ ካላነሳ ቤቱ ሂዱ።