ሳይከፈል የቀረ ዕዳ

በዕድሜም በስደትም የምትመስሉኝ፣ በሲያትልና በዙሪያዋ ልጅ አሳድጋችሁ አሁን የልጅ ልጅ ለማየት የበቃችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን እንድጽፍላችሁ ያስገደደኝ ፍርሃት ነው። ክፉ ቀን ሲያልፍ ሰው ዕንባውን ጠርጎ ወደ ሥራው መመለሱ የተፈቀደለት ነገር ነው፤ በዚያ ቀን ማን ደጁን ከፍቶ እንደ ጠበቀው መርሳቱ ግን ሌላ ክፉ ቀን ይጠራበታል፤ እኛም፣ ልሸሽገው ብልም አልችልም፣ እየረሳን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ኮቪድ አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያ የታወቀው በዚሁ በዋሽንግተን ግዛት ነበር፤ በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች መጀመሪያም ከከርክላንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሞት ዜና እየተከታተለ ሲመጣ እንዴት እንደ ተሸበርን ታስታውሳላችሁ። ኮምፒውተሩን ይዞ ቤቱ የገባ ገባ፤ ሌላው ደጅ ሁሉ ሲቆለፍ የሆስፒታሉ፣ የአውቶቡሱና የምግብ መደብሩ በር እንደ ተከፈተ ቀረ። ከመካከላችን በዚያ መደብር ልጁ፣ ምራቱ ወይም የእኅቱ ልጅ ያልነበረበት ማን ነው? ካሸር ላይ ቆመው ገንዘብ የተቀበሉ፣ ሌሊት ካርቶን እየፈቱ መደርደሪያ የሞሉ፣ ጋሪውን በየሰዓቱ በመድኃኒት ያበሱ፣ ለአንድ ጥቅል የሽንት ቤት ወረቀት ሰው ሲጣላ መሐል ገብተው የገላገሉ እነርሱ ናቸው። ማስክ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ሰሞን አንድ ሠራተኛ በቀን የስንት ሰው እስትንፋስ በፊቱ እንደሚቀበል ያሰበ ግን ጥቂት ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ ጥናት ወጣ። በ2020 ሜይ ወር ቦስተን ውስጥ በአንድ ሱፐርማርኬት የሚሠሩ 104 ሰዎች ተመርምረው ከአምስት ሰው በአንዱ ላይ ቫይረሱ ተገኘ፤ ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው ሠራተኛ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው አምስት እጥፍ ሆነ፤ ከተያዙትም ከአራቱ ሦስቱ ምንም የሕመም ምልክት አልነበራቸውም። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ሕመም ያልተሰማው ልጅ ሽፍቱን ጨርሶ፣ ጫማውን በረንዳ ላይ አውልቆ ወደ ቤት ይገባል፤ ሳሎን ተቀምጠን የምንጠብቀው ደግሞ እኛ፣ ስኳርና ደም ግፊት የተጫነን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበርን። ወጣቱ ለመደብሩ ጉልበቱን ሲሸጥ የቤተ ሰቡ ሁሉ ደኅንነት ተደርቦ ይሄድ ነበር፤ ለተደረበው ዋጋ የጠየቀለት ግን እምብዛም አልነበረም።

እውነቱን ላለመቅበር፣ መጀመሪያ ላይ የተሰጠ ነገር ነበር። በዚያ ጸደይ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ብዙዎቹ በሰዓት 2 ዶላር ያህል ጨመሩ፤ ሠራተኞቹን ጀግኖች አሏቸው፤ በየመስኮቱም ምስጋና ተለጠፈ። ክሮገር የተባለው ትልቅ የምግብ መደብሮች ኩባንያ ያንን ጭማሪ በሜይ አጋማሽ አነሣው፤ ካናዳ ውስጥም ሎብሎ፣ ሜትሮና ሶቢስ የተባሉት ታላላቅ የምግብ ነጋዴዎች በጁን ወር በአንድ ሰሞን አቋርጠው፣ ኃላፊዎቻቸው ነገሩ እንዴት እንዲህ ሊገጥም እንደ ቻለ በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ተጠይቀዋል። አሜሪካ ብዙ ሰው የቀበረችበት ያ ክረምት ገና አልደረሰም ነበር። በሴፕቴምበር ያው ክሮገር የራሱን አክሲዮን መልሶ ለመግዛት 1 ቢሊዮን ዶላር መፍቀዱን አስታወቀ። እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ለካሸሩ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም የሚለኝን ሰው ከዚያ ወዲያ ማመን ይቸግረኛል።

ከተሞቹ ጣልቃ የገቡት ዘግይተው ነው። በ2021 ጃንዋሪ የካሊፎርኒያዋ ሎንግ ቢች፣ ተከትላም የእኛዋ ሲያትል፣ ትልልቅ የምግብ መደብሮች በሰዓት 4 ዶላር የተጋላጭነት ክፍያ እንዲጨምሩ ደነገጉ። ክሮገር በሎንግ ቢች ሁለት፣ በሲያትል ሁለት መደብሮች እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ የሲያትሎቹ ካፒቶል ሂልና ዌጅውድ የነበሩት የኪው ኤፍ ሲ መደብሮቹ ናቸው፤ ኤፕሪል ላይም በራቸው ተዘጋ። ኩባንያው መደብሮቹ ቀድሞም ሥራቸው ደካማ እንደ ነበረ ተናግሯል፤ ይሁን፣ ሊሆንም ይችላል። ሠራተኛው ከዚህ ሁሉ የተማረው ግን ሌላ ነው፤ ምስጋናው በነጻ ሲሰጠው እንደ ኖረና ዋጋ በተጠየቀ ጊዜ በሩ እንደ ተዘጋ ተማረ፤ እኛ ጎረቤቶቹም ከእንግዲህ ወተት ከየት እንደምንገዛ ስንጨነቅ ስለ እርሱ አንዲት ቃል እንዳልተነፈስን አየ።

ከእናንተ መካከል ሱቅ ያላችሁ፣ ምግብ ነጋዴ ከመቶ ዶላር ሽያጭ አንድ ወይም ሁለት ዶላር ቢተርፈው ነው፣ አራት ዶላር በሰዓት ከየት ይመጣል ትሉኛላችሁ። ነገሩን አቃልዬ አላየውም፤ ጤፍና በርበሬ ሸጦ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ጭንቀቱን አውቃለሁ። የሲያትሉ ደንብ ግን የተጻፈው 500 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላላቸው ኩባንያዎች ነበር፤ የእናንተ ሱቅ ውስጡ አልነበረም፣ እናንተን ከለላ አድርጎ የሚከራከረው ትልቁ ነው። ሥራውን ወዶ ገብቶበት የለም ወይ የሚለውን ክርክር ደግሞ ባልሰማው እመርጣለሁ፤ ልጁ ሲቀጠር የፈረመው ዕቃ ሊደረድርና ሒሳብ ሊቀበል ነው፣ ስለ ወረርሽኝ ማንም አላነሣለትም፣ እርሱም አልተስማማም።

እኛ ደግሞ የኅዳር በሽታን ታሪክ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያ ኢንፍሉዌንዛ ሲመታት ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት እንደ ተረፉ፣ በኅዳር 12 ቆሻሻ የማቃጠሉም ልማድ ከዚያ ጋር እንደሚያያዝ የማያውቅ ከእኛ ዕድሜ ሰው የለም። ወላጆቻችን ሲተርኩልን ግን ከበሽታው ይበልጥ የሚያስፈራን አንድ ነገር ነበር፤ ውሃ የሚቀዳ፣ እንጀራ የሚጋግር፣ ገበያ የሚወጣ ሰው ከየቤቱ ሲጠፋ፣ ሕመሙ ሊለቀው የነበረ ሰው የሚያቀብለው አጥቶ መሞቱ። ሲያትል በ2020 ያን አላየችም፤ ያላየችውም ልጆቻችን በየሌሊቱ ካርቶን ስለ ፈቱ ነው።

ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ ልጆቻችን እንደዚያው ይቆማሉ ብላችሁ እንደ ተማመናችሁ አያለሁ፤ እኔ መተማመኛው አይታየኝም። በ2020 የቆመው ልጅ ዛሬ ሰላሳውን አልፏል፣ ሚስትና ሕፃን አለው፣ ሁለት ዶላሩ መቼ እንደ ተወሰደበትም አልረሳም። የመጀመሪያው የሕመም ወሬ በተሰማ ዕለት ሽርጡን ሰቅሎ ቢወጣ የሚያስቀረው ሕግ የለም፤ ልንቆጣው የምንችልበት አፍም አይኖረንም። ያን ጊዜ መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ወጣቱ መኪናውን አስነሥቶ ራቅ ብሎ ይፈልጋል፤ በሰው እጅ የምንጎርሰው እኛ ግን ከሁሉ ቀድመን እንራባለን።

ገና ጊዜ አለ፣ ነገር ግን ሕጉ የሚጻፈው በደኅና ቀን ነው። በ2020 ሜይ ለእነዚህ ሠራተኞች በሰዓት 13 ዶላር የሚጨምር ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ላይ ቀረ፤ በቀጣዩ ዓመት ማርች የጸደቀው የእርዳታ ሕግ ከተሞችና ግዛቶች ከተሰጣቸው ገንዘብ እስከዚያው መጠን እንዲከፍሉ ፈቅዶ ነበር፤ ስለዚህ መንገዱ የታወቀ ነው፣ የዘገየው ውሳኔው ነው። ለእጩዎች አዳራሻችንን ከፍተን እንጀራ ስናቀርብላቸው ስለ መኪና ማቆሚያና ስለ ግብር ብቻ ጠይቀን እንሸኛቸዋለን። በመጪው ምርጫ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቋቸው፤ ወረርሽኝ በታወጀ ዕለት ክፍያው ሳይለመን እንዲጀምር፣ ትልቁ ኩባንያ ከራሱ እንዲከፍል፣ ለትንሹ ሱቅ የመንግሥት ገንዘብ እንዲደርስለት፣ ታሞ የቀረውም ደመወዙ እንዳይቆረጥ። የሚያበቃበትን ቀን የጤና ባለ ሥልጣኑ አዋጁን ሲያነሣ እንጂ ኩባንያው በወደደ ጊዜ እንዳይወስነው በጽሑፍ ይስፈር። ልጆቻችሁም ዩኒየናቸው ውሉን ለማደስ ሲቀመጥ ይህንኑ እንዲያነሡ ምከሯቸው፤ ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ከሠራተኞቻችሁ ጋር ምን ያህል እንደምትችሉ ከወዲሁ ተነጋገሩ።