የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ፒስተን የሌለው አሸናፊ

በካቺሲና በአምቦ መንገድ የለመድናቸው የጃፓን መኪኖች እህልና ሰው የሚያመላልሱት ናቸው። ይህ እትም ግን ወጣቶች በግራን ቱሪዝሞ የቪዲዮ ጨዋታ የሚነዱትን የውድድር መኪና፣ ማዝዳ 787ቢን ይዟል። በሰኔ 1983 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር 362 ዙር ሮጦ አሸነፈ፤ ይህን ድል ያገኘ የመጀመሪያው የጃፓን መኪና ነው። ፒስተን የለውም፤ ኃይሉ የሚመነጨው ባለሦስት ማዕዘን ከሆኑ አራት ተሽከርካሪ ሮተሮች ነው። ያ ልዩ ጩኸቱም ከዚሁ ይመጣል።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ የሾፌሩ ነገር ነው። የመጨረሻውን ተራ የነዳው ጆኒ ኸርበርት ከመኪናው እንደወረደ ተዝለፈለፈ፤ መኪናውን በየተራ የነዱት ጓደኞቹ ሽልማት ሲቀበሉ እሱ መድረኩ ላይ አልነበረም። ጨዋታው ይህን ድካም አያሳይም። የሞተሩን አሠራር በሥዕል አስደግፈን አቅርበናል፤ የአካባቢያችን መካኒኮች በተለይ እንዲያነቡት እንፈልጋለን።