የውሃ አበባና የመጋላ ተማሪ

በተማሪዎች ድርሰት ውስጥ ከሚዘወተሩት ተነጻጻሪ ዘይቤዎች አንዱ ውበትን በሐይቅ ላይ ከፈካ አበባ ጋር ማነጻጸር ነው። ዘይቤው ያማረ ነው፤ ነገር ግን አበባውን ሳያውቁ የተጠቀሙበት እንደሆነ ባዶ ጌጥ ይሆናል።

የውሃ አበባ ሥሩ በጭቃ ውስጥ ተተክሎ፣ ቅጠሉ በውሃ ገጽ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ነው። በአገራችን በጣናና በሐዋሳ ሐይቆች ዳርቻ ይገኛል። ሰማያዊው ዓይነት ጠዋት ፈክቶ ከቀትር በኋላ ይከደናል፤ ነጩ ግን በሌሊት ይፈካል። የጥንት ግብፃውያን ይህን አስተውለው ሰማያዊውን አበባ የፀሐይ መውጣትና የዳግም ሕይወት ምልክት አደረጉት፤ የአንዳንድ ቤተ መቅደሶቻቸውንም ዓምዶች በእምቡጡ ቅርጽ አነጹ። በ1919 ዓ.ም. የሞተው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ክሎድ ሞኔም በገዛ አትክልት ቦታው ባስቆፈረው ኩሬ ላይ ያያቸውን የውሃ አበቦች 250 በሚያህሉ ሥዕሎች ገልጿል። ሁሉም የተነሡት ከማየት ነው።

ሳያስተውሉ መናገር ቋንቋንም ያሳስታል። ብዙዎች የውሃ አበባን «ሎተስ» ይሉታል። ይሁን እንጂ የእስያው ሎተስ ሌላ ተክል ነው፤ ቅጠሉና አበባው ከውሃው በላይ ከፍ ብለው ይቆማሉ።

በድሬዳዋ ከተማ በመጋላ የሚኖር ተማሪ በየዕለቱ የሚያየው የደቻቱን ወንዝ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ውሃው ሲመጣ ግን ደራሽ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ የብዙ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። የውሃ አበባ የረጋ ውሃ ስለሚሻ በእንዲህ ያለ ወንዝ አይበቅልም። እንግዲህ ይህ ተማሪ ስለ ውሃ ሲጽፍ በተውሶ አበባ ቢያጌጥ፣ ከተማው ስለ ውሃ የሚያውቀውን ትልቁን ነገር ይሸሽጋል።

«ታዲያ ያላዩት ነገር አይጻፍምን?» የሚሉ ይኖራሉ። በእኔ አስተያየት ይጻፋል፤ ግን የሚያውቁትን ጠይቆና አንብቦ መሆን አለበት። የጣና ዳር ተማሪ ስለ አበባው፣ የመጋላው ተማሪ ደግሞ ስለ አሸዋውና ስለ ጎርፉ ቢጽፉ፣ አንዱ ከሌላው ይማራል። ቋንቋችንም የሚበለጽገው እያንዳንዱ ጸሐፊ ከአካባቢው አስተውሎ ያገኘውን ሲያበረክት ነው።