ሥዕል ወደ ለገዳዲ ይውጣ

በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል 150 ሜትር ካሬ ያህል ይሆናል፤ የሚያየው ግን ጥበቃውን አልፎ የገባ ብቻ ነው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን በጥጥ ጨርቅ ሥለው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይለጥፉ ስለ ነበር፣ ገበሬው ፊደል ሳይቈጥር ታሪክ ተማረ።

ለገዳዲ አዲስ አበባን ማጠጣት ከጀመረች ከ50 ዓመት በላይ ሆናት። እኛስ ምን መለስንላት? ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ በ1950ዎቹ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን የእንጨት ቅርጽ ሕትመት አስተምሮ ነበር። በእንጨት ቀርጸን ያተምነውን ቀን በግንብ ብንለጥፍ፣ ማታ በፕሮጀክተር ብናጐላው፣ መዳፍ የምታህል ቅርጽ ግንብ ታህላለች።

«መጀመሪያ ውኃና መብራት» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እንግዲያው የሚቀረጸው ይኸው ጉዳይ ይሁን፤ የሚመርጠውም የአገሩ ሰው ይሁን። መብራት ቢጠፋ ወረቀቱ ይቀራል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከግቢ ያልወጣ ጥበብ ማንን ይጠቅማል?