የኮምፒዩተር ዓምድ፦ ሁለት ታደሰ፣ አንድ ቁልፍ

ባለፈው ዕትማችን ነገሮችን በተርታ ስለሚይዘው «ሊስት» አይተን ነበር። የዛሬው ተራ የ«ዲክሽነሪ» ነው። ስሙ መዝገበ ቃላት ማለት ቢሆንም ቃል የሚፈታ መጽሐፍ አይምሰላችሁ። በመዝገበ ቃላት ቃሉን ፈልገን ፍቺውን እንደምናገኝ ሁሉ፣ ኮምፒዩተሩም በአንድ ምልክት ፈልጎ ከምልክቱ ጋር የታሰረውን ነገር ያወጣልናል። ምልክቱን «ቁልፍ»፣ ከሱ ጋር የታሰረውን ነገር «እሴት» እንላለን።

ወደ ትምህርቱ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ጥፋታችንን እንናዘዝ።

ለሰፈራችን ተማሪዎች ደብተር የመጣ ጊዜ «ዝርዝሩን እኛ በስልክ እንሠራዋለን» ብለን ተነሣን። ቁልፉን የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም ከነአባት ስም፣ እሴቱን የተማሪዎቹ ብዛት አደረግን። ሁለት ቀን ሙሉ ከወረቀት ወደ ስልክ ስንገለብጥ ዋልን። በማደያው ቀን አንዲት እናት መጡ። ባለቤታቸው ታደሰ ገብሬ ይባላል እንበል፤ ስሙን ቀይረነዋል። አምስት ተማሪ አላቸው። ስልኩ ግን «ሁለት» አለ፤ እሱም ጧት ተወስዷል።

«እማማ፣ የናንተ ሁለት ነው፤ ተወስዷል» አልናቸው።

«ማን ነው የወሰደው ልጄ? ሦስቱንስ ልጆቼን የት አደረጋችኋቸው?»

መልስ አልነበረንም። የባሰው ደግሞ ከኋላ የተሰለፈው ሰው በጥርጣሬ ያያቸው መጀመሩ ነው። ስልኩ አይዋሽም ተብሎ ይታመናላ! ማታ ወረቀቱን አውጥተን ብንቆጥር 89 ቤተሰብ፤ ስልኩ ላይ 86። ሦስት ቤተሰብ ጠፍቷል። ለካ በማዶኛው መስመር ሁለት ልጆች ያሉት ሌላ ታደሰ ገብሬ አለ። የሌሎቹም ሁለቱ ነገር እንዲሁ ነበር። ከተረፈው ደብተር ለሁለቱ ቤተሰብ ደረሰ፤ ለሦስተኛው ግን አልቆ ስለነበር ከየቤቱ አዋጥተን ሰጠን። ለእናትየዋም ይቅርታ ጠየቅን፤ ቡና አፍልተው ተቀበሉን።

እንግዲህ ምን ሆኖ ነው? ቋንቋችን ፓይተን ነው። ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ከ3.0 ጀምሮ ለምንሠራቸው ነገሮች በራሳችን ፊደል ስም እንድናወጣ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ የሚከተለውን እንዳለ ብትጽፉት ይሠራል።

ደብተር = {}
ደብተር["ታደሰ ገብሬ"] = 5
ደብተር["አልማዝ ንጉሤ"] = 3
ደብተር["ታደሰ ገብሬ"] = 2

የመጀመሪያው መስመር ባዶ ዲክሽነሪ ይከፍታል። ሁለተኛውና ሦስተኛው አዲስ ቁልፍ ከነእሴቱ ያስገባሉ። አራተኛውስ? እሱም የሚያስገባ ይመስላል፤ አጻጻፉ አንድ ነው። ነገር ግን ቁልፉ ቀድሞ ስላለ 5ን ጥሎ በቦታው 2ን ያስቀምጣል። አይጮህም፣ አይጠይቅም፣ ስሕተት አለ አይልም። በአንድ ዲክሽነሪ ውስጥ አንድ ቁልፍ አንዴ ብቻ ነው የሚኖረው፤ ሕጉ ይኸው ነው። አራት መስመር ጽፈን ሁለት ቤተሰብ ብቻ ቀረን ማለት ነው።

ሁሉም ቋንቋ እንዲህ አያደርግም። በሲ ሻርፕ «አድ» በሚለው ትእዛዝ ያለ ቁልፍ ደግማችሁ ብታስገቡ ሥራውን አቁሞ ስሕተት ይላችኋል። የጃቫው «ፑት» ይተካል፤ ነገር ግን የተጣለውን የድሮ እሴት በእጃችሁ ይሰጣችኋል። በፓይተን ጥንቃቄው የኛ ነው። ከማስገባታችን በፊት ቁልፉ መኖር አለመኖሩን «ኢን» በምትለዋ ቃል እንጠይቃለን፤ ወይም «ሴትዲፎልት» በሚባለው እናስገባለን፤ እሱ ቁልፉ ከሌለ ብቻ ያስገባል፣ ካለ የነበረውን ሳይነካ ይመልስልናል። ከሁሉ የሚቀለው ግን በ«ሌን» መቁጠር ነው። 89 ጽፈን 86 ሲል ያኔውኑ እንነቃ ነበር። አልቆጠርንም።

ይሁንና ቁጥጥሩ ብቻውን አያድንም። ዋናው ጥፋታችን ስምን ቁልፍ ማድረጋችን ነበር። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ ቢበዛ የአያት ስም ነው። ታደሰም ገብሬም ሞልቷል። አንዳንድ አንባቢ «የልደት ቀን ጨምሩበት» ይለን ይሆናል። እሱም አሳስቦን ነበር፤ ነገር ግን ቀኑን በትክክል የማያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ስለሚመዘገብ በአንድ ቀን የተወለደው ሰው ለጉድ ነው! ዓመቱም በኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ሰባት ወይም ስምንት ይለያያል፤ አንዱ ጸሐፊ በኛው፣ ሌላው በነሱ ይጽፈዋል።

ስም የተገላቢጦሹንም ጣጣ ያመጣል፤ አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል። አንዱ «ዓለም» ሌላው «አለም» ብሎ ቢጽፍ ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ቁልፍ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ሰ፣ ሠ ድምፃቸው ቢገጥም ቁጥራቸው አይገጥምም። ከስሙ ኋላ ሳይታወቅ የገባች ባዶ ቦታ እንኳ ቁልፉን ትለውጠዋለች። እዚህ ሱዳን ደግሞ ዐረብኛ አለ። ዐረብኛ የኛን ጴና ጰ ስለሌለው ጴጥሮስ «ቡጥሩስ» ሆኖ ይጻፋል፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ባለቤቱም ስሙን አይለየውም።

የድንኳን ቁጥርስ? ለጊዜው ይሠራል። ነፋስና ዝናብ ሲመጣ ሰው ይዛወራል፣ ቁጥሩም ለሌላ ይተርፋል። ደግሞ የኛን ዝርዝር ከተነድባ ጋር እናዋህድ ብትሉ እዚያም 17 ቁጥር ይኖራል፤ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ አንዱን ይውጠዋል።

ስለዚህ ነው ቁጥር የሚሰጠን። ኡም ራኩባ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 እንደገና ሲከፈት በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል የገባን ሁሉ መዝጋቢው ፊት መቆማችንን እናስታውሳለን። ዩኤንኤችሲአር «ፕሮግሬስ» በሚባለው መዝገቡ ለእያንዳንዱ ሰው የግል ቁጥር፣ ለቤተሰቡም የቤተሰብ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ቁልፍ ነው፤ ስም፣ ዕድሜና የትውልድ ቦታ እሴት ናቸው። ስም በስሕተት ቢጻፍ እሴቱን ማረም ይቻላል፣ ቁልፉ አይነካም። «ቁጥር አደረጉን» ብለው የሚያዝኑ ሽማግሌዎች አሉ፤ እውነት አላቸው፣ ሰው ቁጥር አይደለም። ግን ያለዚያ ቁጥር ሁለተኛው ታደሰ የመጀመሪያውን ይሰርዘዋል።

የጣት አሻራና የዓይን ምስል ለምን ይወሰዳል ለምትሉም መልሱ ከዚሁ ይወጣል። ዲክሽነሪ ቁልፍ እንዳይደገም ይጠብቃል እንጂ እሴት እንዳይደገም አይጠብቅም። አንድ ሰው በሁለት ቁጥር ቢገባ ዲክሽነሪው ምንም አይታየውም፤ አሻራው ግን ያው መሆኑን ይናገራል።

አሁን ወደ ቤተሰብ እንምጣ። እሴት ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ሊስትም ይሆናል።

ቤት = {}
ቤት["017"] = ["ታደሰ", "ለተብርሃን", "ሄኖክ"]

ሰላም የምትባል ሕፃን ተወለደች እንበል። ቸኩላችሁ ቤት["017"] = ["ሰላም"] ብትሉ አባትም እናትም ወንድምም ጠፍተው የአራስ ልጅ ብቻዋን እማወራ ትሆናለች። ትክክለኛው ይህ ነው፦

ቤት["017"] += ["ሰላም"]

የመደመር ምልክቷ ያለውን ትታ በላዩ ላይ ትጨምራለች። ሕፃኗን የከበበውን ባለ ማዕዘን ቅንፍ ግን አትርሱ፤ ከረሳችሁት ኮምፒዩተሩ ስሟን በታትኖ «ሰ» «ላ» «ም» የሚባሉ ሦስት ልጆች ያስመዘግባል። ባለ ራሽን ካርዱ ባይጠላውም!

ሌላ ሁለት ነገር። ቁጥሩን በጥቅስ ውስጥ ጻፉ፤ ያለ ጥቅስ 17 እና በጥቅስ "17" ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ናቸው፤ 017ን ያለ ጥቅስ ደግሞ ፓይተን ጭራሽ አይቀበለውም። በስሞቹ መካከል የምትገባውም ነጠላ ሰረዝ የእንግሊዝኛዋ መሆን አለባት፤ የኛዋን ፣ ብታስገቡ ስሕተት ይላችኋል። ስልካችን የአማርኛ ኪቦርድ ላይ እያለ ስንትና ስንት ጊዜ በዚህ ተሸውደናል።

ለመለማመጃ የጎረቤትን እውነተኛ ስምና ካርድ ቁጥር አታስገቡ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ የሰው ምሥጢር ነው። የፈጠራ ስም ይበቃል። በትክክለኛው ካርዳችሁ ላይ ስም ወይም የቤተሰብ ብዛት የተሳሳተባችሁ ደግሞ የሚያርመው የምዝገባ ቢሮው ነው፤ ካርዳችሁን ይዛችሁ እዚያው አመልክቱ።

የቤት ሥራ፦ የ"017" ሄኖክ የ"042"ዋን ሳባ አግብቶ አዲስ ቤት "101" መሠረቱ። ከሁለቱም የድሮ ቤቶች ማንም ሳይጠፋ፣ ማንም ሁለት ቦታ ሳይቆጠር እንዴት ትጽፉታላችሁ? ስልክ የሌላችሁ በወረቀት ሥሩት። መጨረሻ ላይ ሰው መቁጠርን እንዳትረሱ። መልሱን በሚቀጥለው ዕትም ይዘን እንቀርባለን።