መንጋጋ በሽቦ፣ እውነት በፍርሃት ሲታሰር

በጠብ ወይም በመኪና አደጋ ፊቱ ተሰባብሮ ሌሊት ሆስፒታል የገባ ወጣት፣ ሐኪሙ «ሐሺሽ ታጨሳለህ? ሌላስ የምትወስደው ነገር አለ?» ቢለው ምን ይመልሳል? «ኧረ እኔ? በጭራሽ!» ይላል። ምን ያድርግ? ከሐኪሙ ጀርባ ፖሊስ የቆመ ይመስለዋላ! በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚን ይቀጣል።

እኔ የምጠይቀው ግን የዚህች ውሸት ዋጋ ስንት ነው? ብዬ ነው።

ኮኬይን የወሰደ ሰው፣ አድሬናሊን ያለበት የማደንዘዣ መርፌ ሲወጋ የልቡ ምት ተዛብቶ ሊሞት ይችላል። ሄሮይን ወይም ትራማዶል ለለመደው የተለመደው ማስታገሻ አይበቃውም። ፊቱ የተመታ ሰው ጭንቅላቱም ተመትቶ ሊሆን ይችላል። ታዲያ የፈዘዘው በዕፁ ነው ወይስ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ? ሐኪሙ ካልተነገረው በምን ይለየው?

ቀዶ ጥገናው ቢሳካም ነገሩ አላለቀም። የተሰበረ መንጋጋ እንዲገጥም የላይና የታች ጥርሶች በሽቦ ታስረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊቆዩ ይችላሉ። ምግቡ ፈሳሽ ብቻ ነው፤ አፍ ማጽዳትና ቀጠሮ ማክበር ግድ ነው። ሱስ የያዘው ሰው ግን ከቀጠሮ ይቀራል፣ ጭሱን ይቀጥላል፣ ሲብስበትም ሽቦውን ይፈታዋል። ከዚያማ ቁስሉ መግል ይቋጥራል፤ አጥንቱም ሳይገጥም ይቀራል ወይም ተጣሞ ይገጥማል።

ሱሰኛው ከጥፋት ንጹሕ ነው አልልም። ነገር ግን ያው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399፣ ሕግ ከፈቀደው ውጭ የታካሚን ምስጢር የሚያወጣ ሐኪምንም ይቀጣል። በ525 የሚያስፈራራ ሞልቷል፤ 399ን ለሕዝብ የሚያስረዳ ባለሥልጣን የት አለ?

ጤና ሚኒስቴር «ለሐኪም የነገሩት ምስጢር ነው» የሚል ጽሑፍ በየድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ይለጥፍ። ሐኪሞችም ጥያቄውን ዘመድና ፖሊስ በሌለበት ይጠይቁ፤ መንጋጋውን ሲጠግኑ ለሱሱም ሐኪም ያገናኙት። አንተም ወንድሜ፣ ለሐኪምህ እውነቱን ንገር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። እውነት ነው። በሽታውን በፍርሃት የሚያስደብቀውስ ምን ይባል?